ካራዋ የማን ነበረች

አባታችን ደሃና ውስጥ ባረፈ በዓመቱ ውርሱን ስንካፈል መሬቱና በሬዎቹ ለታናሽ ወንድሜ፣ ካራዋ ለእኔ ደረሰች። የጠየቅኋት እኔው ነኝ። ሰቆጣ ገበያው ዳር የፕላስቲክ ዕቃ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ መሬት ቢሰጠኝም የሚያርስልኝ የለም። ካራዋን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ምሰሶው ላይ ተሰቅላ እያየኋት ነው ያደግሁት። አባቴ አንድም ቀን ሲያርድባት አላየሁም፤ ለማረጃ ሌላ ቢላዋ ነበረው። ይቺን ለዘመን መለወጫ አውርዶ ስለቷን ቅቤ ይቀባትና መልሶ ይሰቅላታል። ስንጠይቀው "የአባቴ ናት" ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይጨምርም።

እኔም እንደሱ ሱቄ ውስጥ ከጀርባዬ ሰቀልኳት። አንድ ቀን ጀሪካን ሊገዛ የገባ ሰው ጀሪካኑን ረስቶ እሷን ያይ ጀመር። ከወልድያ የመጣ፣ በየከተማው እየዞረ አሮጌ ኮርቻና ጋሻ፣ አምባርና ድሪ የሚገዛ ነጋዴ ነበር።

"ላያት ይቻላል?" አለኝ። አወረድኩለት።

ከአፎቷ ሲያወጣት ስለቷን በጣቱ አልነካም። በስልኩ መብራት እጀታዋን እያገላበጠ አየው፣ አሸተተው፣ በጥፍሩ ጫፍ ጫር አደረገው።

"ይሄ እንጨት እንዳይመስልሽ፤ የጎሽ ቀንድ ነው። ሁለቱ ቀለበቶች ነጭ ብር ናቸው። ነጠብጣቡ አንድ በአንድ በመዶሻ የተመታ ነው። ስለቷ ደግሞ ከተሰበረ ጎራዴ የተሠራች ናት፤ ይሄው መሐሏ ላይ የጎራዴው ቦይ ቀርቷል።"

ከዚያ እጀታዋን ከያዙት ሦስት ምስማሮች በአንዷ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ሁለቱ ጥቁር ብረት ናቸው፤ ሦስተኛዋ ቢጫ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ ሳያት ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

"ይቺ በኋላ የገባች ናት፤ ከጥይት ቀለህ ተቆርጣ። የመጀመሪያዋ ወልቃ ይሆናል።"

"ስንት ታወጣለች?"

"እንዲሁ ከሆነ የአንድ ወይፈን ዋጋ እሰጥሻለሁ። የማን እንደነበረች አጣርተሽ ከነገርሽኝ ግን ከዚያ በብዙ እጨምራለሁ። ከእኔ የሚገዙት ሰዎች ብረቱን አይደለም የሚፈልጉት፤ የታጠቃትን ሰው ነው።" ሱቁን ለቆ ሲወጣ ዞር ብሎ "የብር ሥራው የዚህ የቆላው ዝቋላ አንጥረኞች እጅ ነው የሚመስለኝ። ወደ ከተማቸው ወደ ጽጽቃ ብትወርጂ የሚያውቃት ሽማግሌ አይጠፋም" አለኝ።

ወንድሜ ይህን በስልክ ሲሰማ ብዙም ሳይቆይ ከደሃና መጣ። በዚያን ሰሞን ልቡ ሳዑዲ ነበር። የሠፈሩ ወጣት ሁሉ ሄዷል፤ እሱም ሊከተል ደላላ ማነጋገር ጀምሮ ነበር።

"ከሸጥሻት ግማሹ የእኔ ነው" አለኝ።

"ገና የማን እንደሆነች አላወቅንም።"

"የአያታችን ናት። ሌላ የማን ልትሆን ነው?"

አብረን ለመሄድ ተስማማን። ካራዋን በነጠላ ጠቅልዬ ከረጢት ውስጥ ከተትኳትና በጠዋት የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፈርን። መንገድ ላይ ኬላ አለ። ፈታሹ ከረጢቱን ዳበሰና ቆም አለ። "ይሄ ምንድን ነው?" ወንድሜ ሊመልስ ሲል እጁን ያዝኩትና "የአባቴ ውርስ ነው፤ ለሽማግሌ ላሳየው ነው" አልኩ። ፈታሹ ካራዋን አውጥቶ ወደ ፀሐይ አነሳት። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ወንድሜን ለብቻው ወስደው መታወቂያውን አገላበጡ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ደጋግመው ጠየቁት። በመጨረሻ ለቀቁት። ካራዋን መለሱልን።

ጽጽቃ ስንደርስ ስለ ድሮ አንጥረኞች ጠየቅን። ዘራቸው ከዚያ ከተበተነ ቆይቷል አሉን። ነገር ግን ከተማው ዳር አንዲት አሮጊት አሉ፤ አባታቸው የበቅሎ ነጋዴና ጌጥ ወዳድ ሰው ነበር፤ ከእሳቸው በላይ የዚያን ዘመን ነገር የሚያውቅ የለም ብለው ቤታቸውን ጠቆሙን።

ቤታቸው ከጣሪያው ጥላ ሥር ቀፎ የተደረደረበት፣ ግቢው በድንጋይ የታጠረ ነው። ደጃፉ ላይ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰፊ ትከሻ ያለው ልጃቸው የበቅሎ መቀነቻ ይጠግን ነበር። ተነስቶ በአክብሮት አስገባን። እሳቸው ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የነቃ ሴት ናቸው። ሳንጠየቅ እንጀራ ቀረበልን፣ ማር ተቆረሰልን። ከረጢቱን ጉልበቴ ላይ እንዳደረግሁ በላሁ።

"ከሰቆጣ ነው የመጣነው፣ እማማ። ስለ ድሮ አንጥረኞች የሚያውቅ ሰው ፈልገን ነው። እርስዎ ያውቃሉ ቢሉን..."

"የመጨረሻውን አውቀዋለሁ" አሉ። "ለአባቴ ካራ የሠራለት እሱ ነው። ጥቁር እጀታ፣ ሁለት ነጭ ቀለበት ያላት። ያን የመሰለ ካራ በዚህ አገር አልነበረም። አንዷ ምስማሯ ወልቃ ጠፍታ አባቴ ከቀለህ ቆርጦ ሲያስገባ መዶሻውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።"

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። ወንድሜን አላየሁትም፤ ማኘኩን እንዳቆመ ግን ሰማሁ።

"ገብስ ሊገዛ ወደ ደሃና ወጣ" ብለው ቀጠሉ። "ያቺኑ ካራ ታጥቆ ነበር። እሱም አልተመለሰ፣ በቅሎውም አልተመለሰ። ወንድሞቹ መንገዱን ሁሉ ጠየቁ፤ አየሁ የሚል ሰው ጠፋ። እናቴ ተስካሩን ያወጣችው ያለ መቃብር ነው።"

ወንድሜ ጉልበቱን ከጉልበቴ ጋር ገጨው። ተነሺ እንሂድ ማለቱ ነው። እኔም መነሳት ፈልጌ ነበር። አመስግኜ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ፣ ከዚያ ግቢ መውጣት ብቻ ነበር ያሰብኩት። ግን ያ ሰው የታጠቃት ካራ ጭኔ ላይ ተኝታ መነሳት አቃተኝ።

አሮጊቷ ፊቴን ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ለልጃቸው በኽምጣና አንድ ነገር ነገሩት። በሩን ዝጋው ነው ያሉት። የእናታችን ቋንቋ ኽምጣና ነበር፤ ወንድሜ አፉን ሳይፈታ ስለሞተችበት አያውቀውም፤ እኔ አውቃለሁ። ልጃቸው ተነሳ፣ በሩን ገጠመና ጀርባውን አስደግፎ ቆመ።

"ምን ሆነ?" አለ ወንድሜ። እጁን ጨበጥኩት።

"ልጄ" አሉኝ አሮጊቷ፣ አሁን በአማርኛ፣ "ከገባሽ ጀምሮ እጅሽ ከዚያ ከረጢት አልተለየም። አውጪና አሳዪኝ።"

አወጣኋት። የነጠላውን ቋጠሮ ፈታሁ። ካራዋን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ቀለበቶቹን አላዩም፣ ስለቷንም አልመዘዙም። አውራ ጣታቸው በቀጥታ ቢጫዋ ምስማር ላይ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። አላለቀሱም።

"ከየት አገኛችኋት?" አለ ልጃቸው ከበሩ።

"ከአባታችን ወረስናት። እሱ ከአባቱ ወረሳት። ከዚያ በፊት ያለውን አላውቅም።"

"አያታችሁ ማን ይባላል?"

ሌላ ስም መጥራት እችል ነበር፤ ምላሴ ላይ መጥቶም ነበር። የአያቴን ስም ነገርኩት። እናትና ልጅ ተያዩ። ስሙን አያውቁትም።

"አያቴን የገደለ ሰው ካራውን ልጆቹ እንዲወርሱት ነው ያደረገው" አለ ልጃቸው። ወንድሜ ብድግ አለ። "አያቴን ነፍሰ ገዳይ አትበል!" እሱም ከበሩ ተነቅሎ መጣ። ትንፋሻቸው እስኪገናኝ ተፋጠጡ።

"ተቀመጡ" አሉ አሮጊቷ። "እህሌን የቀመሰ ሰው ከቤቴ አይነካም። አንተም ተቀመጥ።"

ተቀመጡ። ብዙ ንግግር ሆነ። ልጃቸው ካራዋም እኛም ሽማግሌ እስኪቀመጥ እዚያው እንድንቆይ ፈለገ። እኔ ደግሞ በቤተሰባችን የአያታችንን ነገር ልታውቅ የምትችል አንዲት ሰው ብቻ እንዳለች ነገርኳቸው፤ እሷም ደሃና ያለችው የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሄጄ ላምጣት አልኩ። "ሄደሽ ባትመለሺስ?" አለኝ። ያን ጊዜ ወንድሜ ሳልጠብቀው "እኔ እዚህ እቀራለሁ" አለ። ዞሬ አየሁት። ፊቱ እንደ ግድግዳ ነበር። "ሂጂ፤ አክስቴን አምጪ።"

ከጽጽቃ ከወጣሁ በኋላ ስልኩ አልሠራም። ወደ ደሃና ስሄድ ያገኘሁት መኪና እስከ መንገዱ ማብቂያ ወሰደኝና ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። በየዳገቱ እየቆምኩ እደውላለሁ፤ ኔትወርክ የለም። ወንድሜ ቁጡ ነው። አንድ ቃል ቢሳሳት፣ ያ ሰው አንድ ቃል ቢያመርርበት ምን ይሆናል እያልኩ አክስቴ ደጅ ደረስኩ።

አክስቴን ብቅል ስታሰጣ አገኘኋት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ ብቅሉን መበተኗን ትታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ልጅ ነበርኩ" አለች። "አባቴ ጨው ሊሸጥ ወደ ቆላ ወርዶ ሲመለስ መዳፉ ሁለቱም ተላልጦ ነበር። እናቴ እያጠበችለት ምን ሆነህ ነው ስትለው፣ ሰው ቀብሬ መጣሁ አላት። ከገደል ሥር እግሩ ተሰብሮ ሞቶ አገኘሁት አለ። ካራዋን አውሬ ጎትቶ እንዳይጥላት አመጣኋት፤ ዘመዶቹን ሳገኝ እሰጣለሁ አለ።"

"ታዲያ ለምን አልሰጠም?"

"ፈራ። ሬሳ ያገኘ ሰው ያኔ እሱው ገዳይ ነው ይባል ነበር። እናቴንም እኔንም እንዳንተነፍስ አስማለን። በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር ግን ድንጋይ ይጨምርበታል። አንድ ጊዜ እኔንም አስጨምሮኛል።"

"ቦታውን ታውቂዋለሽ?"

"ዓይኔን ብትጨፍኚኝ አገኘዋለሁ።"

"አክስቴ፣ ገድሎት ቢሆንስ?"

የጠየቅሁት ባላሰብኩት ድምፅ ነው። አክስቴ አልተቆጣችም። እጇን እያራገፈች "አባቴ ነው። እንዲያ ብዬ አስቤ አላውቅም ብልሽ እዋሻለሁ" አለች።

በበቅሎ ይዣት ተመለስኩ። ጽጽቃ ስንደርስ ወንድሜ ከአሮጊቷ ልጅ ጋር የግቢውን የድንጋይ አጥር ሲጠግን አገኘሁት፤ አንዱ ያቀብላል፣ ሌላው ይደረድራል። ሰውየው በር ላይ ተጋድሞ ሲያድር እንደሰነበተ ወንድሜ ኋላ ነገረኝ። በአንድ ትሪ እየበሉ፣ በአንድ ጣሳ እየጠጡ፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አክስቴ የነገረችኝን ደግማ ተናገረች። የአሮጊቷ ልጅ አንድ በአንድ ጠየቃት። በቅሎውስ? "ስለ በቅሎ ሲናገር አልሰማሁም።" ደም አልነበረበትም? "አላየሁም።" ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጡት ቄስ መስቀል አቀረቡላት፤ ማይ ተባለች። መስቀሉን ተሳልማ "መዳፉ ተላልጦ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ቀበርኩት ሲል ሰምቻለሁ፤ ድንጋይ ስንጨምር ነበርኩ። ይሄን እምላለሁ። ያላየሁትን አልምልም" አለች። ለአባቷ ንጽሕና እንድትምል የምንጠብቅ ሁሉ ራሳችንን አቀረቀርን። ወንድሜ በንዴት ከንፈሩን ሲነክስ አየሁት። እኔም በልቤ ማይ፣ ምን አለበት ብዬአታለሁ።

የቀረው ቦታውን ማየት ነበር። ዝቋላና ደሃና በሚዋሰኑበት ቁልቁለት፣ ከአንድ ረዥም ገደል ግርጌ፣ ወይራ ሥር የድንጋይ ክምር ተገኘ። አሮጊቷ በበቅሎ መጥተው በጃንጥላ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አክስቴ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ድንጋዩን የሚያነሱት ወንድሜና የአሮጊቷ ልጅ ነበሩ። ክምሩ አላልቅ አለ። ከታች ትላልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተገኙ፤ ከዚያም አጥንቱ።

የአሮጊቷ ልጅ ሌሎቹን ገለል አድርጎ ብቻውን ወደ ጉድጓዱ ወረደ። አፈሩን በእጁ እያነሳ በጣቶቹ መሐል ያንጠረጥረው ጀመር። የጥይት እርሳስ እየፈለገ ነው። የራስ ቅሉን ወደ ፀሐይ አነሳው፤ ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው። የጎን አጥንቶቹን አንድ በአንድ አየ። አንዲት ጥይት ብትገኝ እኛ ከዚያ ቁልቁለት የምንወጣው ደመኛ ሆነን ነው። አንዱ በቅሎ ሰኮናውን ይመታል።

"የፊት ጥርሱ?" አሉ አሮጊቷ ከተቀመጡበት። "በልጅነቱ በቅሎ ረግጦት የተሸረፈ ነው።"

"ተሸርፏል" አለ ልጃቸው።

"ፊቱን ወዴት አድርጎ ነው ያስተኛው?"

"ወደ ምሥራቅ" አሉ ቄሱ። "እግሮቹም ገጥመዋል። አፈር ፊቱ ላይ እንዳይወርድ ግራና ቀኙን በድንጋይ ገንብቶለታል።"

የቀኝ ጭኑ አጥንት ለሁለት ተሰብሮ ነበር። ሌላ የተገኘ ነገር የለም። የአሮጊቷ ልጅ ከጉድጓዱ ወጥቶ አፈር በአፈር እንደሆነ ፊታችን ቆመ። "ሰው ተገፍቶም ይወድቃል" አለ። "ገዳይም ጸጽቶት ይቀብራል።"

እውነቱን ነበር።

አሮጊቷ እንዲያነሷቸው እጃቸውን ዘረጉ። ወደ ጉድጓዱ ቀርበው ጎንበስ ብለው ለረዥም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ አክስቴ ሄዱ። ሁለቱ አሮጊቶች ተያዩ። "መሐላሽን ሰምቻለሁ" አሏት። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አባቴን ጅብ በልቶታል እያልኩ ነው የኖርኩት። ሰው ቀብሮታል። እኔ ይበቃኛል።" አክስቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ።

አጥንቱ ጽጽቃ ቤተ ክርስቲያን በግንዘት አረፈ። ሽማግሌዎች አስታረቁን። ካራዋንም በነሱ ፊት በእጄ ለአሮጊቷ አስረከብኳቸው፤ ዳግም ለወጣው ተስካር የታረደው ሙክት በእሷ ታረደ። ልጃቸው ሲያርድ ቆሜ አየሁ። ያ ሁሉ ዘመን ቅቤ የጠጣች ስለት አላስቸገረችም።

ነጋዴው ከወልድያ ደወለ። ባጭሩ ነገርኩት። "ይሄ እኮ ነው ዋጋ ያለው!" አለና የባለቤቶቹን ስልክ ጠየቀኝ። አልሰጠሁትም። ወንድሜ ሲሰማ ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ከጽጽቃ ማር እያመጣ ሰቆጣ መሸጥ ጀምሯል፤ ከነማን እንደሚገዛ አልጠየቅሁትም፤ አውቀዋለሁ። ሳዑዲውን ትቶት እንደሆነ ግን አላውቅም። ደላላው አሁንም ይደውልለታል።

ባለፈው ቅዳሜ የአሮጊቷ ልጅ ፍየል ሸጦ ሱቄ መጣ። ጀሪካን መረጠ፤ አንዱን አንስቶ ታቹን አየ፣ መለሰ፣ ሌላ አነሳ። እናቱን ጠየቅሁት፤ ደህና ናቸው።

"አክስትሽስ?" አለኝ።

"ደህና ናት።"

"አሁንም ያንኑ ነው የምትለው?"

"ያንኑ ነው።"

ራሱን ነቀነቀ። ሒሳቡን ከፍሎ ጀሪካኑን አህያው ላይ አሰረ፤ ገመዱን ሁለት ጊዜ አጠበቀና ቁልቁል ወደ ጽጽቃው መንገድ ሄደ።